ከሚኔሶታ ወደ ባድላንድስ፦ ልጆችና እናቴን ይዤ፣ በፍልሰታ ጾም (ምክር ስጡኝ)

የናሆም እናት · ጁላይ 6

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሴንት ፖል ነው። ኦገስት መጀመሪያ ላይ ባለቤቴ እረፍት አለው። ልጆቹ ደግሞ "ባድላንድስ፣ ባድላንድስ" እያሉ ጆሮዬን በልተውታል። ደቡብ ዳኮታ ያለው ብሔራዊ ፓርክ ማለቴ ነው። ትልቁ 10 ዓመቱ ነው፣ አሁን 4ኛ ክፍል ጨረሰ። ትንሿ 6 ናት።

ነገሩ ወዲህ ነው። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ እኛ ጋ ናት። 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል። እሷ እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ አትቀምስም። መንገድ ነው፣ ሙቀት ነው ብትሏት የምትሰማ ሰው አይደለችም። ቤት ትቻት ልሂድ ብል አንጀቴ እምቢ አለ። እሷም "እናንተ የምታዩትን እኔስ ለምን አላይም?" ብላለች።

ስንት ቀን ይበቃል? የጾም ምግብ መንገድ ላይ ይገኛል? ደግሞስ የእሷ እግር የሚችለው ቦታ አለ ወይስ ገደል ብቻ ነው?

ሱፎልስ ነኝ · ጁላይ 6

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ቀኑን ቀይሪ።

ከባድላንድስ አለፍ ብሎ ስተርጂስ የሚባል ትንሽ ከተማ አለ። በየዓመቱ ኦገስት መጀመሪያ ላይ ሞተር ሳይክል ያለው አሜሪካዊ ሁሉ እዚያ ይከትታል። ከ1938 ጀምሮ የኖረ ልማድ ነው፣ 10 ቀን ይቆያል። አይ-90 የሚባለው አውራ ጎዳና ከዳር እስከ ዳር ሞተር ይሆናል፣ የሞቴል ዋጋም ሰማይ ይነካል። እኔ አንድ ዓመት ሳላውቅ ሄጄ መኪና ውስጥ ነው ያደርኩት። ባለ ሞቴሉ ዋጋውን ሲነግረኝ "ለወሩ ነው?" ብዬዋለሁ።

ሞተረኞቹ ይውጡ፣ ከዚያ ሂጂ። ጾሙ የትም አይሄድም፣ እስከ 21 ይጠብቅሻል።

የናሆም እናት · ጁላይ 6

ወይኔ! ይሄን ማን ይነግረኝ ነበር። ባለቤቴ አለቃውን ሊለምን ነው።

ዘጠና ሾፌር · ጁላይ 7

ይህን መንገድ በትራክ ስመላለስበት 11 ዓመቴ ነው። ስለዚህ አድምጪኝ።

ከሴንት ፖል በ35 ወደ ደቡብ፣ አልበርት ሊ ላይ 90ን ይዛችሁ ወደ ምዕራብ። ከዚያ በኋላ መሪ ማጠፍ የለም። ከ500 ማይል በላይ ነው፣ ከነእረፍቱ 10 ሰዓት ያዙ። ደቡብ ዳኮታ ስትገቡ 80 ማይል በሰዓት ይፈቀዳል። ባልሽን ግን 80 ነው ብሎ 90 እንዳይነዳ ንገሪው፣ ፖሊሶቹ ሥራ የላቸውም።

ሚቸል ላይ ግድግዳው በበቆሎ ያጌጠ ሕንፃ አለ። ልጆች ይስቃሉ፣ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ቻምበርሌይን ላይ ግን ቁሙ። ሚዙሪ ወንዝን የምታቋርጡት እዚያ ነው። ከወንዙ በላይ ባለው ማረፊያ 50 ጫማ የምትረዝም የሴት ሐውልት አለች፣ "ዲግኒቲ" ትባላለች፣ በ2016 ነው የቆመችው። መጸዳጃ ቤቱም ንጹሕ ነው፤ ከእናት ጋር ስትጓዢ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ከወንዙ በኋላ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ ሙሉ። ሁለተኛ፣ ፓርኩ ጋ ሳትደርሱ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ስልክ ራሱ ይቀይራል፣ የመኪናው ላይቀይር ይችላል።

መውጫ 131 ላይ ከ90 ውጡ፣ በ240 ፓርኩን አቋርጣችሁ ዎል ከተማ መውጫ 110 ላይ ትመለሳላችሁ። ወደ 39 ማይል ነው፣ ሁሉም አስፋልት። ዋናው ነገር ያለው እሱ ላይ ነው።

ሜዶራ ይሻላል · ጁላይ 7

ስሜን አይታችሁ እንደምትገምቱት፣ እኔ ሰሜን ዳኮታ እላለሁ። ሜዶራ ከተማ አጠገብ ያለው ቴዎዶር ሩዝቬልት ብሔራዊ ፓርክ። ከሚኒያፖሊስ በ94 ቀጥ ማለት ነው፣ ርቀቱም ብዙ አይለያይም። መሬቱ ያው የተሸረሸረ ነው፣ ግን ሣርና ዛፍ አለው፣ መሐሉን ወንዝ ያልፍበታል፣ የዱር ፈረስ አለ። ሩዝቬልት፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ በ1883 ጎሽ ሊያድን መጥቶ ነው አገሩን የወደደው። በዓመቱ ሚስቱና እናቱ በአንድ ቀን ሲሞቱበት ሐዘኑን ይዞ የተመለሰው እዚያው ነው።

ባድላንድስን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። የእኛን ሰው አያውቀውም፣ ጥሩነቱም እሱ ነው።

ቤቴል · ጁላይ 7

@ሜዶራ ይሻላል በአንድ ቀን በአንድ ሕግ ነው እኮ ሁለቱም ብሔራዊ ፓርክ የሆኑት፣ ኖቬምበር 10፣ 1978። መንትያ ናቸው፣ አትጣሉ። 😄

ለእናት ግን ባድላንድስ ይቀላል። ምክንያቱም መኪናው ደጁ ድረስ ይወስድሻል። ከሰሜን ምሥራቅ መግቢያው እንደገባችሁ ቢግ ባድላንድስ የሚባል ማያ ቦታ አለ። ከመኪና ወርደሽ ጥቂት እርምጃ ነው፣ አገሩ በሙሉ እግርሽ ስር ይሆናል። ቀጥሎ አንድ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ታገኛላችሁ። ዶር፣ ዊንዶው እና ኖች የሚባሉት የእግር መንገዶች ሁሉ እዚያው ይጀምራሉ። ዊንዶው አጭር የሳንቃ መንገድ ነው፣ እናትሽ ይችላሉ። ዶርም መጀመሪያው ሳንቃ ነው። ኖችን እርሺው። ከግንድ የተሠራ መሰላል አለው፣ ከላይ ደግሞ የገደል ጠርዝ። አባትና ልጅ ይሂዱበት።

ከመንገድ መውጣት የሚከለክሉ ፓርኮች አሉ፣ እዚህ ግን ይፈቀዳል። ልጆቹ ጉብታው ላይ ይወጣሉ ይወርዳሉ፣ ማንም አይቆጣም። እባብ ግን አለ፣ ጅራቱን የሚያንኳኳው። እጅ የማታዪበት ቦታ አይገባም በያቸው። ውሃ ደግሞ ካሰብሽው እጥፍ ያዢ። ኦገስት ላይ 38 ዲግሪ አዲስ ነገር አይደለም።

ማርቲ ዴንቨር · ጁላይ 8

ስለ ምግቡ ልንገርሽ፣ እኛ ሦስት ልጅ ይዘን በጾም ሄደናል።

ሱ ፎልስ ከተማን ካለፋችሁ በኋላ የሐበሻ ምግብ ቤት አትጠብቂ። ያለው በርገርና ስቴክ ነው። ለጾመኛ የተጠበሰ ድንችና ሰላጣ፣ እሱም አይብ ነስንሰውበት ይመጣል። ስለዚህ ቤት ሥሪ። እንጀራ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ያዢ፣ ለቀጣዮቹ ድርቆሽ። ቆሎና ዳቦ መኪና ውስጥ። በሶ ለእናትሽ፣ ከተፈታ በኋላ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው። ትንሽ ቡታጋዝ ካላችሁ ሽሮ ካምፑ ላይ አንተክትኩት። እኛ ስናደርገው ከጎናችን ያረፉ ጀርመኖች የሽሮው ሽታ ጠርቷቸው መጥተዋል።

ልጅሽ 4ኛ ክፍል ነው ያልሽው? መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፣ 7 ቀን ያገለግላል። ለ4ኛ ክፍል ተማሪ ግን መንግሥት ነፃ ፓስ ይሰጣል፣ መኪናው ውስጥ ያለ ቤተሰብ ሁሉ በእሱ ይገባል። እስከ ኦገስት 31 ይሠራል። ኢንተርኔት ላይ ሞልታችሁ ወረቀቱን አትሙት።

ጋሽ ታዛቢ · ጁላይ 8

እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ስሙ ራሱ "መጥፎ መሬት" ነው። ሰውየው አልዋሸም፣ በር ላይ ጽፎታል። እና 500 ማይል ነድቶ፣ ነዳጅ አቃጥሎ፣ ሞቴል ከፍሎ መጥፎ መሬት የሚያይ ሰው ምን ይባላል?

ቤቴል · ጁላይ 8

ቱሪስት ይባላል ጋሼ።

አንባቢው · ጁላይ 9

ስለ ስሙ ከተነሳ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ላኮታዎች "ማኮ ሲካ" ብለውት ነው፣ መጥፎ መሬት ማለት ነው። ፈረንሳይ ነጋዴዎችም መጥተው ለመሻገር የሚያስቸግር ብለው ያንኑ ደገሙት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሁሉ የሰሜኑን ክፍል አይቶ ይመለሳል። የደቡቡ ክፍል ያለው በፓይን ሪጅ የላኮታዎች ክልል ውስጥ ነው። በ1942 መንግሥት ያንን መሬት ለአየር ኃይል የቦምብ መለማመጃ ወሰደው፣ የሚኖሩበት ቤተሰቦችም ልቀቁ ተባሉ። ያልፈነዳ ነገር ዛሬም ይገኛል። ከዚያ ትንሽ ወደ ደቡብ ደግሞ ዉንድድ ኒ አለ፣ በ1890 መጨረሻ ሴትና ሕፃን ሳይቀር በወታደር ያለቀበት። ልጆቹ ገና ናቸው፣ ግን ትልቁ 10 ዓመቱ ከሆነ ትንሽ ትንሽ ቢነገረው አይከፋም።

ሱፎልስ ነኝ · ጁላይ 9

እውነት ነው። ስታልፉ እኛም ጋ ጎራ በሉ፣ ቡና አይጠፋም። የጾም ነገር እሠራለሁ። (ባለቤቴ ትሠራለች ማለቴ ነው።)

የናሆም እናት · ጁላይ 10

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አለቃው ፈቅዷል፣ ከኦገስት 14 እስከ 17። ወረቀቱም ታትሟል። ስንመለስ እነግራችኋለሁ።

የናሆም እናት · ኦገስት 19

ተመልሰናል። በደህና። ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ወጣን። ቻምበርሌይን ላይ ቆምን። እማዬ ሐውልቷን ቀና ብላ አየቻትና "ነጠላዋን እንዴት አምሮ ነው የያዘችው" አለች። ከኋላዋ በሁለት እጇ የዘረጋችው የላኮታዎች ብርድ ልብስ ነው፣ ኮከብ የተሠራበት። ነጠላ አይደለም ብላት አልሰማችኝም። ፎቶ ስትነሳም የራሷን ነጠላ እንደዚያው ዘርግታ ነው የተነሳችው።

ቢግ ባድላንድስ ላይ ስንደርስ የመኪናው ሰዓት 9 ይላል። ስልኬ 8። ዘጠና ሾፌር ያልከው ደረሰ። ናሆም "አያቴ፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ አንድ ሰዓት ይቀርሻል" አላት። ባለቤቴ ደግሞ "እማማ፣ በሚኔሶታው ይፍቱ፣ የወጡት በሚኔሶታ ሰዓት ነው" ይላል። እኔም ደግፌዋለሁ፣ ሙቀቱ አይጣል ነው።

እማዬ ለማናችንም አልመለሰችም። መኪና ማቆሚያው ላይ ፀሐይዋን ከጀርባዋ አድርጋ ቆመች። የጥላዋ ጫፍ የት እንደሚያርፍ አየችና ትንሿን ልጅ "እዚህ ጋ ቁሚ" አለቻት። ከዚያ ተረከዟን ከጣቷ እያገጣጠመች አስፋልቱን በእግሯ ለካችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ከምናምን። "ገና ነው" አለችና መኪና ውስጥ ገባች። ሞተረኛ የሚመስሉ ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች ቆመው ያዩዋታል። አንደኛው የራሱን ጥላ መለካት ጀመረ። እማዬ ደግማ ለክታ በሶዋን ስትጠጣ በስልኬ 9 ሰዓት ተኩል አልፏል። በጉዞው ሁሉ ሰዓት የጠየቀችው ሰው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

እኛ ጠርዙ ላይ ቆመን "ዋው" ስንል እማዬ ዝም አለች። ታውቁታላችሁ፣ ዓይን እስከሚደርስ ድረስ ሾጣጣ ነው፣ ሸንተረር ነው፣ ነጭና ሮዝ እንደ ንብርብር ኬክ። ብዙ ቆየች። ከዚያ "ማን ነው እንዲህ ያደረገው?" አለችኝ።

"ጎርፍ ነው እማዬ፣ ዝናብና ነፋስ።"

"ከልካይ አጥቶ?"

"አዎ።"

"እርከን የሚሠራ ሰው ጠፋ?"

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። የጅሩ ልጅ ናት፣ የሰሜን ሸዋ። ዕድሜዋን ሙሉ ቦረቦር እንዳይበላባት ከጎርፍ ጋር ስትታገል የኖረች ሴት ናት። ከጓሯችን በታች አንድ ቦይ ነበር፣ በየክረምቱ አንድ አንድ ክንድ እየሰፋ የአጎቴን ግማሽ ማሳ ወስዶታል። እኔ ረስቼው ነበር። እኔ የማየው ፎቶ ነው፣ እሷ የምታየው ያለቀለት ማሳ ነው። ናሆም እንግሊዝኛውን ሰሌዳ አንብቦ በዓመት አንድ ኢንች ያህል እንደሚሸረሸር ሲነግራት "ይኸው!" አለች፣ ነግሬያችሁ ነበር በሚል ድምፅ። ማኮ ሲካ ምን ማለት እንደሆነም ነገርኳት። "እውነታቸውን ነው። የአገሬው ሰው አይሳሳትም" አለች።

ጋሽ ታዛቢ፣ ከእናንተ ጋር ተስማምታለች ማለት ነው።

በማግስቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ወጣን። ልጆቹ ዳይኖሰር ጠብቀው ነበር። የለም። የዳይኖሰሩ ዘመን ላይ ይህ አገር ባሕር ነበር፣ ሬንጀሯ ነገረቻቸው። ያለው ከዚያ በኋላ የኖረው ነው፣ ትንንሽ ፈረስ ባለ ሦስት ጣት፣ አውራሪስ መሰል ትልቅ አውሬ። ልጄ ሊያለቅስ ሲል አንድ ነገር ጨመረችለት። በ2010 አንዲት የ7 ዓመት ልጅ፣ ከጎብኚዎች ማዕከሉ አጠገብ፣ እንደ ሰይፍ የረዘመ ጥርስ የነበረው አውሬ ራስ ቅል አግኝታለች። ተቆፍሮም ወጥቷል። በቃ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሁለቱም መሬት መሬቱን እያዩ ነው የሄዱት። ያገኙትን አያነሱም፣ ቦታውን ይናገራሉ እንጂ፣ ሕጉ እንደሱ ነው። ያገኙት የቺፕስ ከረጢት ነው።

ትንሿ ደግሞ መሬቱን ነክታ "ማሚ፣ ፈንዲሻ!" አለች። እውነትም ፈንዲሻ። የጉብታው ገጽ እንደፈነዳ በቆሎ ተነፋፍቶ ይቆማል፣ ስትረግጪው ይንኮሻኮሻል። እማዬ ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ ዘገነች። በጣቷ አሸች። ትንሽ ምራቅ ጣል አደረገችበትና ደግማ አሸች። "ይሄማ ዋልካ ነው" አለች። "ነጭ ዋልካ። ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።" የሎው ማውንድስ የሚባሉት ቢጫ ጉብታዎች ጋ ስንደርስ ደግሞ "ይሄኛው አፈር ነበር፣ ሞቷል እንጂ" አለች። እኔ ዝም ብዬ ሰማሁ። አፈር የሚያውቅ ካለ እዚህ ላይ ይናገር።

እንስሳው ጥሩ ነው። ገደሉ ላይ የቆሙት ባለ ትልቅ ቀንድ በጎች ለእሷ ዋልያ ናቸው። ፕሬሪ ዶግ ለእሷ ሽኮኮ ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጮህባት "ምን ይለኛል ይሄ?" እያለች ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር። ባይሰኑ፣ የአሜሪካው ጎሽ፣ ግን ዝም አሰኝቷታል። መንገዱን ዘግቶ መኪናችን አጠገብ ቆመ፣ ትንፋሹ ይሰማል። "በሬ ሆይ" አለች በጣም ቀስ ብላ።

ከዚያ ባለቤቴ የሠራውን ስሙ። ሴጅ ክሪክ የሚባለው መንገድ ኮረኮንች ነው። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናብ ወረደ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ። ባለቤቴ ከፊት ለሚመጣ መኪና ላሳልፍ ብሎ ወደ ዳር ወጣ። እማዬ ከኋላ "ተው፣ ዳሩን አትርገጥ!" ብላዋለች። አልሰማም። ሁለት ጎማ ገባ። ነዳጅ ሲሰጥ ይሽከረከራል፣ ጭቃው ብቻ መስኮት ላይ ይለጠፋል። ስልክ ኔትወርክ የለውም። ወርዶ ሊገፋ ሲል ጫማው እንደ ድፎ ዳቦ ወፍሮ ቀረ፣ አንዱም ወልቆ ጭቃው ውስጥ ገባ። አማቱ ፊት።

ወደ 40 ደቂቃ ቆይቶ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ገበሬ በፒክአፕ መጣ። ብዙ አላወራም። ሰንሰለት አውጥቶ ጎተተን። ገንዘብ ስንሰጠው እምቢ አለ። እማዬ ግን ዝም ብላ አልሸኘችውም፣ በላስቲክ ቆሎ ሰጠችው። አንድ ጊዜ ቀምሶ ቆመ፣ እንደገና ቀመሰ። ከዚያ ላስቲኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ስንመለስ ባለቤቴ የኑክሌር ሚሳይሉን ጉድጓድ ካላየሁ ብሎ መውጫ 116 ላይ ቆምን። በመስታወት ክዳኑ ቁልቁል ይታያል። እማዬ ከመኪና አልወረደችም። "እሱንም እዚሁ ነው የቀበሩት?" ብቻ ነው ያለችው።

አንዱ ምሽት ያረፍንበት ሞቴል ግን አናዶናል። ሁለት አልጋ ብለን ከፍለን አንድ አልጋ ጠበቀን፣ ስንጠይቅ "ሲስተሙ ነው"። ባለቤቴ መሬት ተኛ። ከጭቃው በኋላ ይገባዋል።

አፈር አጥኚ · ኦገስት 19

የተጠራሁ መሰለኝ። ሥራዬ ይሄው ነው።

እናትሽ ሁለት ጊዜ ተናግረው ሁለቴም ልክ ናቸው።

ፈንዲሻው የሚመጣው ስሜክታይት ከሚባል የሸክላ ማዕድን ነው። ውሃ ሲያገኝ በንብርብሩ መሐል አስገብቶ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና ይፈረካከሳል። ባድላንድስ ላይ የተፈጠረው ከሚሊዮኖች ዓመት በፊት ከምዕራብ በኩል ከዘነበ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። የእኛን ዋልካ ዋልካ የሚያደርገውም ይኸው የማዕድን ቤተሰብ ነው፣ እናቱ ብዙ ጊዜ ጥቁር ድንጋያችን ሆኖ። አገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ ዋልካ አላት ይባላል። ጅሩ ደግሞ የታወቀ የዋልካ አገር ነው። በጣት አሽቶ፣ በምራቅ አርጥቦ መለየት እኛም ሜዳ ላይ የምናደርገው ነው። ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ከፍዬ የተማርኩት።

ሁለተኛው ይበልጣል። ቢጫዎቹ ጉብታዎች በእርግጥ የሞተ አፈር ናቸው። የባሕሩ ወለል ጭቃ ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ አየርና ዝናብ አገኘው፣ ዛፍ በቀለበት፣ ወደ አፈርነት ተለወጠ፣ ቢጫም ሆነ። በኋላ ሌላ ደለል ተጭኖት ተቀበረ። ከላይ ያሉት ቀይ መስመሮችም አብዛኞቹ እንደዚያው የድሮ አፈር ናቸው። ሰሌዳ ሳያነቡ ይህን ያሉ ሰው እኔ ሰምቼ አላውቅም።

በእርከኑ ነገር ብቻ እከራከራቸዋለሁ። ይሄ ሽርሸራ የጀመረው ከ500,000 ዓመት በፊት ገደማ ነው። ሰው አላጠፋውም፣ ሰውም አያቆመውም።

ጋሽ ታዛቢ · ኦገስት 19

እኔ ጥያቄዬን አንስቻለሁ። በሚቀጥለው ሐምሌ እኔም ሰንሰለት ይዤ እሄዳለሁ።

ዘጠና ሾፌር · ኦገስት 20

ዝናብ ሲዘንብ አስፋልት ላይ ቆዩ ብዬ አለመጻፌ የእኔ ጥፋት ነው። ባልሽን ይቅርታ በይልኝ።

ማርቲ ዴንቨር · ኦገስት 20

ቆሎውን ደረት ኪሱ ከተተው ስትይ እንባዬ መጣ። ለመሆኑ ዎል ድራግ ገባችሁ? በ1931 ባለቤቶቿ ሲገዟት ተራ መድኃኒት ቤት የነበረችው፣ ነፃ የበረዶ ውሃ እያለች መንገደኛ የጠራችው። ቡናው እስከዛሬ 5 ሳንቲም ነው እኮ።

የናሆም እናት · ኦገስት 20

ገባን። እማዬ 5 ሳንቲሙን ቡና አንዴ ፉት አለችና "ዋጋው ትክክል ነው" አለች።

ቤቴል · ኦገስት 20

😂😂😂

የናሆም እናት · ኦገስት 24

አንድ ነገር ረሳሁ። ከፓርኩ ድንጋይም አፈርም መውሰድ ክልክል ነው ብዬ እማዬን ደጋግሜ ነግሬያታለሁ። እሺ ብላ ነበር። ቤት ደርሰን ባለቤቴ መኪናውን ሊያጥብ ሲወጣ ቢላዋ ይዛ ቀደመችው። ከጎማው መሐል ያለውን ጭቃ እየፋቀች በጀሪካን ግማሽ ሞላች። "ይሄ ከፓርኩ አልወሰድኩትም፣ ራሱ ነው የተከተለን" ትላለች። አሁን በረንዳው ላይ በሶብላ ዘርታበታለች።

አፈር አጥኚ · ኦገስት 24

አይበቅልም። ብቻውን ይደድርበታል፣ ሥር አያስገባም። ግማሽ አሸዋና ጥሩ ኮምፖስት ይቀላቅሉበት።

የናሆም እናት · ኦገስት 25

ነገርኳት። "ልጁ ተምሯል፣ ግን ጅሩን አያውቅም" አለች።